ቀማሽ ሁለት

ገረሱ አሶሳ የገባው በ1988 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የያዘው አንድ ሻንጣና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት ቀጫጭን ብርጭቆዎች ነበር። ከነቀምቴ ወዲህ ያለው መንገድ ሁለቱን ሰነጠቃቸው፤ አራቱ ደኅና ደረሱ። ዕድሜው አርባ አራት ሲሆን አግብቶም ወልዶም አያውቅም።

ለአሥራ አራት ዓመት የሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ሥራው መቅመስ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "ታድለህ፤ ደሞዝ እየተከፈለህ ትጠጣለህ" ይለዋል። እሱ ግን ጠዋት ሽንኩርት አይበላም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ሽቶ ያለው ሳሙና እጁን አያስነካም ነበር። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከአንዲት ሴት ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ዘመናይ ትባላለች። በመካከላቸው አንድ ቅጽ አለ፤ በግራ በኩል "ቀማሽ አንድ"፣ በቀኝ በኩል "ቀማሽ ሁለት" የሚል። ገረሱ መልኩን፣ አረፋውን፣ ሽታውን፣ ጣዕሙንና ጥንካሬውን መርምሮ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሷ ይገፋዋል። ዘመናይ ቀስ ብላ ትጎነጫለች፣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእሱ ግማሽ ነጥብ ትቀንስ ነበር። እሱ ስምንት ካለ እሷ ሰባት ተኩል ነው። ገረሱ ያን ግማሽ ነጥብ ያከብረው ነበር። የእሱ ምላስ ያላገኘውን አንድ ነገር የእሷ ምላስ አግኝቶ ነው ብሎ እስከ ማታ ያስብበታል።

ይወዳት ነበር። አልነገራትም። እሷ ባለትዳር ነበረች፤ ባትሆንም እንኳ የሚነግራት አይመስለኝም፤ እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም።

በ1987 ፋብሪካው እንደገና ሲደራጅ የቀማሾቹ ጠረጴዛ ታጠፈ። ገረሱን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት። በዚያው ሰሞን ለአዲሶቹ ክልሎች ባለሙያ እንደሚፈለግ ማስታወቂያ ወጣ፤ ኬሚስትሪ የተማረ ከተገኘ ወዲያው ይቀጠራል ተባለ። ሄዶ ተመዘገበና ለዘመናይ ነገራት። "አትሂድ" እንድትለው ጠብቆ ነበር።

"አሶሳ ይሞቃል ይባላል፤ ቀለል ያለ ልብስ ያዝ" አለችው።

የተመደበበት ቢሮ ሦስት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ክልሉ ገና መቆሙ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ይጋራሉ፤ ማኅተሙ ከደረሰ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣ አንዳንዴ በድሮው የአስተዳደር ስም ይመጣል። ገረሱ "የኢንዱስትሪ ባለሙያ" ተባለ። የሚያየው ኢንዱስትሪ ወፍጮ ቤቶችና የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እየዞረ መዘገባቸው። መዝግቦ ሲጨርስ የሚቀጥለው ሥራ እስኪታሰብ ድረስ ብዙ ቀን መስኮት መስኮት እያየ ይውላል።

ከየአቅጣጫው ተመድበው የመጡት መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ አንድ ቤት እየተሰበሰቡ የጠርሙስ ቢራ ይጠጡ ነበር። ገረሱንም ጋበዙት። አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ምነው?" አሉት።

"መኪና ላይ ሰንብቷል፤ ሙቀት መትቶታል። እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላል።"

እውነቱን ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ የያዙትን ብርጭቆ ትክ ብለው አዩት፤ ያም ቢራ ወር ሙሉ ተጠብቆ የመጣ ነበር። ሁለተኛ ሲሄድ ወንበሩን ፈቀቅ የሚያደርግለት አልነበረም። ሦስተኛ አልሄደም።

የተከራየው ቤት የባቢከር ነበር። ባቢከር የበርታ ሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ ጨው፣ ጨርቅና ቅመም ይሸጣል። ግቢው በቀርከሃ የታጠረ፣ መካከሉ ላይ ትልቅ ማንጎ ያለበት ነው። ባቢከር ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሲሄድ በገረሱ በር ያልፍና "ሰላም ነው? ጤና ነው?" ይለዋል። ገረሱ "ደኅና" ይላል። ወሬያቸው ከዚህ አያልፍም ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ዳር ሲያልፍ የብቅልና የጌሾ ሽታ አቆመው። ሽታው የወጣው ከአንዲት የቀርከሃ ዳስ ነው። ባለቤቷ ጸሐይነሽ ትባላለች፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰፈራ መንደሩ ከተማ ገብታ ጠላ ትሸጣለች። የእሷ ተራ ጠላ አይደለም፤ ፊልተር ነው። ድፍድፉን ውሃ ሳታበዛ ትጠነስስና በሻሽ ታጠልለዋለች፤ ጠጪው ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ እግሩን ይፈልጋል።

ገረሱ ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን አቀበላት።

"እዚህ አይጠጡም?" አለችው።

"ቤት ነው የምወስደው።"

"ቤት ሰው አለዎት?"

ገረሱ ጀሪካኑን ጀሪካኑን እያየ "አዎ" አለ። ለምን እንደዋሸ ራሱም አላወቀም።

"እንግዲያ ለሁለት ይብቃ" ብላ እስከ አፉ ሞላችለት።

ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛውን ወለወለ። ሁለት ብርጭቆ በንጹህ ውሃ ብቻ አጥቦ ደቀነ። አዲስ ደብተር አውጥቶ በማስመሪያ አሰመረ፤ በግራ ቀማሽ አንድ፣ በቀኝ ቀማሽ ሁለት። እጁ የለመደው እንደዚያ ስለነበር ነው። ቀመሰ፣ ቆየ፣ እንደገና ቀመሰ። "የጸሐይነሽ ፊልተር። መልኩ የማር ወለላ። ጭሱ ቀድሞ ይመጣል፤ ማሽላው ኋላ ይከተላል። መጨረሻው ላይ ጌሾው ምላስ ይይዛል። ኃይለኛ ነው፤ ኃይሉን ግን አይጮህበትም። ስምንት።" የቀኙን ባዶ ተወው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማለት ይኸው ሆነ። አንዱን ሳምንት ከጸሐይነሽ፣ ሌላውን ከሌላ ቤት ይገዛል። ከጎንደር መጥታ የሰፈረችው የትሩፋት ኮረፌ፣ ያልተጣራው ጠላ፣ እንደ እርጎ ወፍራም ነበርና "ይበላል እንጂ አይጠጣም፤ ሰባት" አለው። ለመስክ ባምባሲ ሲሄድ እዚያ ፈርሶ የሚሉትን የዳጉሳ ጠላ ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ እስከ ድባጤ ድረስ ሄዶ ከአንዲት የጉሙዝ ሴት ቦርዴ ገዛና በላስቲክ ጠርሙስ ከድኖ መኪና ውስጥ አስቀመጠው። ቦርዴው ገና እየፈላ ኖሮ መንገድ ላይ ፈንድቶ የሾፌሩን ማጅራትና የገረሱን አንገትጌ አለበሰው። ሾፌሩ እስከ አሶሳ አላናገረውም። ገረሱ በደብተሩ ላይ "ከአንገትጌዬ ላይ እንደቀመስኩት፣ ሰባት ተኩል" ብሎ ጻፈ። ይህን ሲጽፍ ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁን ሲሰማ ደግሞ ደነገጠ፤ ከመጣ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ መስማቱ የመጀመሪያው ነበር።

በሐምሌ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። ቢሮም አልተከፈተም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ገረሱ እንደተለመደው የጸሐይነሽን ቀምሶ ጽፎ ሲያበቃ ባዶውን የቀኝ ዓምድ ለረጅም ጊዜ አየው። ዘመናይ ብትኖር ምን ትል ነበር? እሱ ስምንት ብሏል። ሰባት ተኩል ብሎ ጻፈና ከሥሩ "ጭሱ በዝቷል፤ ጋኗን ስታጥን ትቸኩላለች" ብሎ ጨመረ። አንብቦ ተገረመ። እውነትም ጭሱ በዝቶ ነበር፤ ቀማሽ አንድ አላስተዋለውም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የቀኙ ዓምድ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሁለቱ ቀማሾች ይከራከሩ ጀመር። ቀማሽ አንድ "የትሩፋት ኮረፌ ተሻሽሏል" ሲል ቀማሽ ሁለት "አንተ ስለራበህ ነው" ትላለች። አንዳንዴ ከጠላው ወጣ ብላ "ጸጉርህን ተስተካከል" ትላለች። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ፤ አራት ደብተር ሞላ።

በ1991 በኅዳር ሚካኤል ዕለት ግን አንድ ነገር ደረሰ።

ታረቀኝ የሚባል የእህል ነጋዴ ዝክር ነበረበት። ከጸሐይነሽ ስድሳ ሊትር ፊልተር በሰማያዊ የላስቲክ በርሜል አስጭኖ ወሰደ። ቀትር ላይ ከእንግዶቹ አሥራ አንዱ ታመሙ። ላብ አጠመቃቸው፣ ለሃጫቸው ተዝረበረበ፣ አስመለሳቸው። በሰው ሸክምም በመኪናም ሐኪም ቤት ደረሱ። አንድም ሰው አልሞተም፤ አንዲት አሮጊት ግን ሳምንት ተኙ። ታረቀኝ "ሴትዮዋ ጠላው ኃይል እንዲኖረው አንድ ነገር ትጨምርበታለች። ድሮም እንደዚያ የሚመታ ጠላ በጤናው አይደለም" ብሎ ከሰሰ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የጸሐይነሽ ዳስ ታሸገ፤ ነገሩ ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ገረሱ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ነው የሰማው። በዚያው በሚካኤል ጠዋት ከዚያው ጋን ጀሪካኑን አስሞልቶ ነበር። ቀምሶታል፤ ጽፎታልም። ሄዶ ልናገር ብሎ ተነሣና ተቀመጠ። ሲናገር ደብተሩን አምጣ ይሉታል፤ ደብተሩን ሲያመጣ ሌላ ሰው ያነበዋል። ሰኞም ማክሰኞም ዝም አለ።

ረቡዕ ጠዋት ባቢከር በሩ ላይ ቆመ። እንደ ወትሮው ሰላም ብሎ አላለፈም፤ ዐረብኛ በቀላቀለ አማርኛው ተናገረ።

"ያ ገረሱ፣ ያ ጠላ አንተ ጠጥቷል። ቅዳሜም ይጠጣል፣ ሚካኤልም ጠጥቷል። እኔ ጀሪካኑን አይቷል።"

"አዎ።"

"አንተ አልታመመም።"

"አልታመምኩም።"

"ታዲያ ሴትዮው ሲከሰስ ለምን ዝም ይላል? እኔ ጠላ አይጠጣም፣ ሐራም ነው። ግን እውነት ደግሞ እውነት ነው።"

ገረሱ ወደ ውስጥ ገባ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። ባቢከርም ሱቁን ለሚስቱ ለሀምዲያ ትቶ ተከተለው።

የቀበሌው አዳራሽ በሰው ሞልቷል። ሰብሳቢው መምህር ሱለይማን ናቸው፤ የአገሩ ተወላጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ጸሐይነሽ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ገረሱ ስሙንና ሥራውን ተናገረና ያን ዕለት ከዚያው ጋን መጠጣቱን ገለጸ።

"ከዚያው ጋን መሆኑን በምን እናውቃለን?" አሉ መምህር ሱለይማን።

"ጽፌዋለሁ።"

"ያንብቡት።"

ገረሱ ደብተሩን ገለጠ። "ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። የጸሐይነሽ ፊልተር፣ ከትልቁ ጋን፤ ታረቀኝ ስድሳ ሊትር ሊያስጭን በርሜል አምጥቷል። መልኩ ጥሩ። ሽታው ንጹህ። ስምንት።"

ሰው ተንሾካሾከ። መምህር ሱለይማን እጃቸውን ዘርግተው ደብተሩን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩ፣ ወደ ኋላም ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

"እዚህ ሁለት ሰው ነው የቀመሰው። ቀማሽ ሁለት 'ሰባት ተኩል፤ ጌሾው ገና ጥሬ ነው፣ አንድ ቀን ቢቆይ ይሻል ነበር' ይላል። መልካም፤ ምስክር ሁለት ከሆነ ይጸናል። ቀማሽ ሁለት ማን ናቸው? ይጠሩልን።"

ገረሱ ደብተሩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

"ባለቤታቸው ናቸው እኮን" አለች ጸሐይነሽ ከተቀመጠችበት። "እኔ ሁልጊዜ የሁለት ሰው ነው የምቀዳላቸው።"

ባቢከር ከኋላ ተነሣ። ሊረዳ ነበር ያሰበው። "ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም። ቤቱ የኔ ነው፣ እኔ ያውቃል። ብቻውን ነው የሚኖር።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ታረቀኝ ጊዜ አላጠፋም። "እንግዲህ ሰሙ፤ በሌለ ሰው ስም የተጻፈ ወረቀት ነው። ይህ ሰነድ ነው የሚባለው?"

መምህር ሱለይማን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "አቶ ገረሱ፣ ካልገለጹልን ልንቀበለው አንችልም።"

ገረሱ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ቆሞ ስለራሱ ተናግሮ አያውቅም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ጸሐይነሽን አየ፤ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዶ እሱን እያየችው ነበር።

"ዘመናይ ትባላለች" አለ። "አዲስ አበባ ነው ያለችው። ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አብረን ቀምሰናል። እዚህ መጥታ አታውቅም። የቀኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?" አሉ መምህር ሱለይማን።

"ብቻዬን መቅመስ አልለመድኩም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከቢሮው ልጆች አንዱ ነበር። መምህር ሱለይማን ዝም ብለው እስኪያዩት ድረስ ሳቁን አልተወም። ገረሱ ፊቱ እንደጋለ፣ ድምፁ ግን ሳይናወጥ ቀጠለ።

"እኔን ባታምኑ አፍንጫዬን እመኑ። በርሜሉ የት ነው?"

በርሜሉ እንደ ኤግዚቢት ተይዞ ጓዳ ውስጥ ነበርና አመጡት። ግርጌው ላይ አንድ ሁለት ጣሳ የሚሆን ጠላ ቀርቷል። ገረሱ መጀመሪያ የራሱን እጅጌ አሸተተ፤ ቀማሾች አፍንጫቸውን የሚያሳርፉት እንደዚያ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በርሜሉን አሸተተና ወዲያው ቀና አለ።

"ይህ ጠላው አይደለም፤ ላስቲኩ ነው። ነቀዝ የሚጠፋበት የእህል መድኃኒት ነበረበት። ታጥቧል፤ ግን ላስቲክ ሽታ ይይዛል፣ ጠላ ደግሞ ያወጣዋል። ከጋኑ የቀረውን አምጡና አጠገብ ለአጠገብ አሽቱት።"

ከታሸገው ዳስ አንድ ጣሳ ቀድተው አመጡ። ሦስቱም ዳኞች ተራ በተራ አሸተቱ። ሦስተኛው ዳኛ በርሜሉ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ የታረቀኝ ሚስት በለጡ ተነሣች።

"ሁለት ጊዜ አጥቤው ነበር" አለች። "ንጹህ መስሎኝ ነው። ለሱ መናገር ፈራሁ።"

ታረቀኝ አንገቱን ደፋ። ጸሐይነሽ ዳሷ እንዲከፈትላት ተወሰነ፤ ታረቀኝም በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ሰው ሁሉ እሷን ከቦ እንኳን ደስ ያለሽ ሲል ገረሱ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ። ባቢከር በመንገድ ላይ ደረሰበት።

"ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ገረሱ። ሚስት የለውም ያልኩት ክፉ አስቦ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ ገረሱ።

ቢሮ ውስጥ ስሙ ቀማሽ ሁለት ሆነ። ጠዋት ሲገባ "ዛሬስ ምን አሉ ቀማሽ ሁለት?" ይሉታል። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት የማያናግሩት ሁሉ ማናገር ጀምረው ነበር። እሱ ግን በዚያ ቅዳሜ ደብተሩን ገልጦ በግራ በኩል ከጻፈ በኋላ በቀኙ ላይ እስክሪብቶውን ሲያሳርፍ የሚመጣ ነገር አጣ። አዳራሽ ሙሉ ሰው "መጥታ አታውቅም" ሲል ሰምቶታል፤ እሱም ራሱ ሰምቶታል። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጭራሽ አልገዛም። እንደዚያ አምስት ቅዳሜ አለፈ።

በስድስተኛው ጸሐይነሽ ጀሪካን ይዛ ቤቱ ድረስ መጣች። ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሁለት ብርጭቆ አመጣ፤ አንዱን ለእሷ ቀዳላት።

"እስቲ እኔ ልቅመስ፤ ቀማሽ ሁለት ልሁን" አለች።

ቀመሰች። "ጥሩ ነው" አለች።

"ሌላስ?"

"ጥሩ ነዋ። የኔ አይደል?"

ትሩፋት በዚያ ሰሞን የላከችለት ትንሽ ኮረፌ ነበረችና አቀመሳት። "ይኼ አጃ ነው" ብላ ደፋችው። ገረሱ ፈገግ አለ፤ ሥራው እንደማይሆንላት ሁለቱም ገባቸው።

"አንቱ፣ ያቺ ሴትዮ በሕይወት አለች?" አለችው።

"አለች።"

"ታዲያ በቁሟ ያለችን ሰው እንዴት እንደ ሞተች ሰው ይናገሩላታል? አይጽፉላትም?"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። ደኅና ነሽ ወይ ብለው ነዋ።"

ሦስት ሳምንት ፈጅቶ አንድ ገጽ ጻፈ። ስለ አሶሳ ሙቀት፣ ስለ ጠላውና ስለ ክርክሩ ተረከላት። የቀኙን ዓምድ በእሷ ስም መሙላቱንም አልደበቀም፤ ይቅርታ ጠየቃት። ሌላውን ነገር አልጻፈም። መልሱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ገረሱ ፖስታውን ቢሮ ውስጥ አልከፈተውም፤ ቤት ወስዶ ማንጎው ሥር አነበበው።

"ወንድሜ ገረሱ፣ ደብዳቤህ ደርሶኝ ለባለቤቴም አነበብኩለት፤ በርሜሉ ጋ ስደርስ አጨበጨበልህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ። ስለ እኔ የጻፍከውን ሳነብ ግን አፈርኩ። አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጉንፋን አፍንጫዬን ዘግቶት ሳይከፈት ቀረ። ምንም አይሸተኝም ነበር። እንዳልባረር ፈራሁና ያንተን ዓምድ እያየሁ ግማሽ ነጥብ እየቀነስኩ እጽፍ ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። አንተ ደግሞ እያወቅህ ለእኔ ስትል ዝም ያልክ መስሎኝ ሁልጊዜ እመርቅህ ነበር። አላወቅህም ነበር ማለት ነው?"

ደብዳቤው በሰላምታ ያበቃል፤ ጻፍልኝ የሚል የለበትም።

ገረሱ ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተቆጣባትም። ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ የነበረው ምን እያሰበች እንደሆነ አሁን ገባው፤ ትፈራ ኖሯል። አሥራ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፍርሃቷን አላየም። ግማሽ ነጥቡን ሲያይ ከረመ እንጂ ፊቷን አላየም። እሱን የቆጨው ይህ ነው። ደግሞም እዚያ የፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ብቻውን ሲቀምስ መኖሩን አሰበ። እሑድን ሙሉ ከቤት አልወጣም።

መልስ ጻፈላት። "አውቅ ነበር" አለ። "በዚያ አትፈሪ።" በሕይወቱ ከዋሸው ሁሉ ሳይጸጸትበት የቀረው ይህ ብቻ ነው።

ጸሐይነሽን በ1993 ወንድሟ ከወሎ መጥቶ ወሰዳት። ወደ ወሎ የተመለሱት እናታቸው ታመው ነበር። ስትሄድ ትልቁን ጋን ለትሩፋት ሰጠች፤ ለገረሱም የጌሾውን ልክ በቃሏ ነግራው እሱ ጻፈው። ትሩፋት በዚያ ልክ ጠነሰሰች፤ እንደ ጸሐይነሽ ግን አልሆነም። ገረሱ ለስድስት ወር ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት ተኩል እያለ ጻፈ። ደብተሩ አሁን አንድ ዓምድ ብቻ ነበረው። ቢሮው ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ፤ እሱን ቀማሽ ሁለት የሚሉት ልጆችም አንድ በአንድ ተዛውረው አለቁ፤ አዲሶቹ አቶ ገረሱ ይሉታል። ወደ አዲስ አበባ የመመለስ ዕድል ሁለት ጊዜ መጥቶለት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቅጹን ወሰደና ሳይሞላው ቀረ። ሲጠይቁት "እዚያ ማንን አውቃለሁ?" ይላል። እዚህስ ማንን ያውቃል ብሎ የጠየቀው የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገረሱ በሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ባቢከር በሰሃን ሁለት ብርጭቆ ከርከዴ፣ ከቀይ አበባ የሚፈላ መጠጥ፣ ይዞ መጣ። ሀምዲያ ያፈላችው፣ በረዶ የሌለው፣ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። በሩ አጠገብ ያለ ጉቶ ላይ ተቀመጠና አንዱን አቀበለው።

"ይሄን ቅመስ" አለ።

ገረሱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ መልኩን አየ፤ አሸተተ፤ ቀመሰ። ባቢከር አፉን አፉን ያየዋል።

"ስኳሩ በዝቷል" አለ ገረሱ። "አበባው ግን ጥሩ ነው። ሰባት።"

"ከስንት?"

"ከአሥር።"

ባቢከር የራሱን ጠጣና ትንሽ አሰበ። "አይደለም" አለ። "ስኳር ልክ ነው። አሥር ነው።"

"አሥር የሚባል የለም።"

"ለምን የለም? ሀምዲያ ነው የሠራው፣ አሥር ነው።"

ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። ባቢከር ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ቅር ብሎት ሄደ፤ የሚቀጥለውንም ቅዳሜ አልመጣም። በሦስተኛው መጣ፤ ስኳሩ ቀንሶ ነበር። ገረሱ ደብተሩን ከቤት አመጣና "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለው።

"አሥር" አለ ባቢከር።

ገረሱ ለራሱ ስምንት ጻፈ፤ ከጎኑ መስመር አሰምሮ አሥር ብሎ ጨመረ። ባቢከር ማንበብ ስለማይችል ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ "ይሄ የኔ ነው?" ብሎ ጠየቀው።

"ያንተ ነው" አለው ገረሱ።

ባቢከር በየቅዳሜው አይመጣም ነበር፤ ሱቅ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ጸሎት አለው። በማይመጣበት ቅዳሜ ገረሱ በደብተሩ የባቢከርን ቦታ ባዶውን ይተወዋል። ጡረታ ከወጣ በኋላም እዚያው ቤት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የኖረው።